ድርሰቱን የጻፈው ማን ነው?

ሌሊቱን ሙሉ ለፍታችሁ በእንግሊዝኛ ድርሰት ጻፋችሁ እንበል። መምህራችሁ ግን “ይሄን የጻፈው ቻትጂፒቲ ነው” አሏችሁ። ምን ትላላችሁ?

የቋንቋ መምህራን ስጋት እውነት አለው፤ መጻፍ የሚለመደው በመጻፍ ነው። ችግሩ፣ የማሽን ጽሑፍን ይለያል የተባለው ሶፍትዌር ራሱ ይሳሳታል።

እንዴት ነው የሚሠራው? ብዙዎቹ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ይገምታሉ። ግምቱ ቶሎ ቶሎ ከሰመረ “ማሽን ነው” ይላሉ፤ ቻትጂፒቲም የሚጽፈው የመምጣት ዕድላቸው ከፍ ያለ ቃላትን እየመረጠ ነዋ! ቋንቋውን ገና የሚማር ሰውስ? እሱም የለመዳቸውን ጥቂት ቃላት ነው የሚደጋግመው።

በ2023 (እ.ኤ.አ.) የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች የጻፏቸውን 91 የቶፍል ድርሰቶች በ7 ሶፍትዌሮች ፈተሹ። በአማካይ ከ61 በመቶ በላይ የሚሆኑት “የማሽን ናቸው” ተባሉ። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይም በዚያው ዓመት የራሱን መለያ “ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው” ብሎ አነሳው።

ስለዚህ ረቂቆቻችሁን አትጣሉ። መምህራችሁ ሲጠይቋችሁ የጻፋችሁትን በቃላችሁ አስረዱ። ከሶፍትዌሩ ውጤት ይልቅ ይሄ የተሻለ ማስረጃ ነው።