ድድ ሲደማ ካልሲየም መውሰድ መፍትሔ ይሆናል?

ጥርስ ሲቦርሹ ወይም ጠንከር ያለ ምግብ ሲገምጡ ድድ ከደማ፣ ብዙ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት "ካልሲየም አንሶኝ ይሆን?" ብለው ነው። ጥርስና ካልሲየም ከልጅነት ጀምሮ አብረው ስለሚነሱ ጥያቄው አያስገርምም። ነገር ግን እንክብል እየተዋጠ ወራት ሲያልፉ ጥርሱን የያዘው አጥንት ያለ ብዙ ሕመም ሊሸረሸር ይችላል። በዚህ መልኩ የጠፋ አጥንት ደግሞ በአብዛኛው በራሱ ተመልሶ አይተካም።

የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያኑ 2022 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ዙሪያ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰዎች ከባድ የድድ በሽታ እንዳለባቸው ገምቷል። ድርጅቱ በዋና አጋላጭነት የሚጠቅሳቸው የአፍ ንጽሕና ጉድለትንና ትምባሆን ነው። ታዲያ የማዕድናት ድርሻ ምንድን ነው?

በሽታው ከየት ይጀምራል?

በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ በየዕለቱ ፕላክ የሚባል፣ ባክቴሪያ የሞላበት የሚጣበቅ ስስ ሽፋን ይፈጠራል። ሽፋኑ በወቅቱ ካልተወገደ ድድ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ስለሆነ በተገቢው ጽዳት ሊድን ይችላል። ችላ ሲባል ግን ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ ይሄዳል፤ ጥርሱን አቅፎ የያዘው አጥንትም ይመናመናል። በመጨረሻ ጥርሱ ይነቃነቃል፣ ሊወልቅም ይችላል።

ማዕድናት በዚህ ሂደት ውስጥ ሁለት ገጽታ አላቸው። በምራቅ ውስጥ የሚገኙት ካልሲየምና ፎስፌት በአሲድ የተጎዳውን የጥርስ ሽፋን ይጠግናሉ። ሳይጸዳ በቆየ ፕላክ ውስጥ ሲከማቹ ግን ታርታር ወደሚባል ድንጋይ መሰል ቅርፊት ይለውጡታል። ታርታር በብሩሽም በመፋቂያም አይለቅም፤ የሚያስወግደው ባለሙያ የሚያደርገው የጥርስ እጥበት ነው።

ጥናቶች ምን አሳዩ?

በሰውነታችን ካለው ካልሲየም 99 በመቶ የሚሆነው የሚገኘው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው። በአውሮፓውያኑ 2000 የታተመ፣ ከ12 ሺህ በላይ አሜሪካውያን አዋቂዎችን መረጃ የመረመረ ጥናት፣ በምግባቸው አነስተኛ ካልሲየም በሚያገኙ ሰዎች ላይ የድድ በሽታ በብዛት እንደሚታይ አመልክቷል። በ2005 ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ ጀርመን የተካሄደ ጥናት በደም ውስጥ ካለው ካልሲየም አንጻር ከፍ ያለ የማግኒዥየም መጠን ከተሻለ የድድ ጤና ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል።

ዚንክ ሰውነት ኢንፌክሽንን እንዲከላከልና ቁስል እንዲድን ያግዛል። አይረንም ለበሽታ መከላከል አቅም አስፈላጊ ነው።

ይሁንና ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን አያረጋግጥም። ጥርሱን የሚያመው ሰው አመጋገቡን ሊቀይር ስለሚችል፣ የንጥረ ነገሩ እጥረት የበሽታው ውጤት ሊሆንም ይችላል። በጥቅሉ ማዕድናት ሰውነት በሽታን የሚቋቋምበትን አቅም ያጠናክራሉ፤ ፕላክን ግን አያነሱም።

የምግብ እጥረት ብቻውን ድድን የሚያደማበት ግልጽ አጋጣሚ አለ፤ እሱ ግን የሚመጣው በማዕድን ሳይሆን በቫይታሚን ሲ እጦት ነው። በ1980ዎቹ በሶማሊያና በሱዳን መጠለያ ካምፖች የነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ለወራት ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ በሌለው ርዳታ ሲኖሩ፣ ስከርቪ የተባለው በሽታ ተከስቶባቸው ነበር።

በማዕዳችን ያለው

የምሥራቅ አፍሪካ ማዕድ ከማዕድናት የራቀ አይደለም። ዳጉሳ በካልሲየም ከበለጸጉ እህሎች አንዱ ነው፤ ጤፍም በዚህ ረገድ ከስንዴ ይበልጣል። ወተት፣ ጎመን፣ እንዲሁም በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ከነአጥንታቸው የሚበሉት ትናንሽ ዓሦች ጥሩ የካልሲየም ምንጮች ናቸው። ጥራጥሬና ያልተፈተገ እህል ማግኒዥየም ሲሰጡ፣ ሥጋ ዚንክና አይረን ይዟል። የእንጀራ ሊጥ መቡካቱ በእህሉ ውስጥ ሆኖ ዚንክና አይረን ወደ ሰውነት እንዳይገቡ የሚያግደውን ፋይቴት የተባለ ውሁድ ይቀንሳል። በአንጻሩ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ አይረን ወደ ሰውነት መግባቱን ስለሚያዳክሙ፣ በተለይ የደም ማነስ ያለባቸው ሰዎች ከምግብ በኋላ ጥቂት ቢያቆዩ ይመረጣል።

እንክብልስ?

እጥረቱ በምርመራ ለተረጋገጠበት ሰው እንክብል ይጠቅማል። ነፍሰ ጡሮችም ሐኪም ያዘዘላቸውን አይረን ማቋረጥ የለባቸውም። ያለ ምክር በብዛት መውሰድ ግን ጉዳት አለው፤ ለምሳሌ ለረጅም ጊዜ ከመጠን በላይ የተወሰደ ዚንክ የመዳብ እጥረት ያስከትላል። የአይረን እንክብል ደግሞ ሕፃናት በብዛት ከዋጡት ሕይወታቸውን ሊያሳጣ ስለሚችል እጃቸው በማይደርስበት ቦታ መቀመጥ አለበት።

ድድዎ ከደማ መቦረሽ አያቁሙ፤ ለስለስ ባለ ብሩሽ፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ ያጽዱ። የጥርሶችዎን መሐልም አይርሱ። መድማቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ድድዎ ከሸሸ ወይም ጥርስዎ ከተነቃነቀ የጥርስ ሐኪም ያማክሩ። የስኳር ሕመም ድድን ለበሽታ ስለሚያጋልጥ የደም ስኳርዎን መመርመርም ተገቢ ነው። የሚያጨሱ ከሆነ ደግሞ ድድዎ አለመድማቱ አያዘናጋዎት፤ ትምባሆ መድማቱን ስለሚቀንስ በሽታው ተደብቆ ሊገፋ ይችላል።