ስለ ቁንዶ በርበሬ ዛፍና ስለ ፈውሱ

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞቻችን መንገድ ዳርና በየግቢው፥ ቀጫጭን ቅርንጫፎቹን እንደ ተፈታ ሹሩባ ወደ ምድር ለቅቆ፥ እንስቲቱም ቀላ ያሉ ጥቃቅን ፍሬዎችን በዘለላ አንጠልጥላ የምትታየው ቁንዶ በርበሬ የምንለው ዛፍ፥ ለዓይን ውበትና ለፀሐይ መከለያ ብቻ የተተከለ ስለሚመስለን፥ በሀገረ ሙላዱ ለብዙ ዘመን የሕሙማን መፈወሻ ሆኖ የኖረ ዕፅ መሆኑን ከጥላው ሥር ከሚያርፉት ብዙዎቹ አያውቁም።

የዛፉ መገኛ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች፥ ይልቁንም ፔሩ ነው። ከኢንካዎች አስቀድሞ የነበሩት የዋሪ ሰዎች ሴሮ ባውል በተባለው አምባቸው ላይ ከፍሬው መጠጥ ይጠምቁ እንደ ነበር በቁፋሮ ታውቋል። ስለ ፈውሱ ግን አጥብቀን ልናደምጠው የሚገባን ምስክር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1539 ዓ.ም. በኩዝኮ ከተማ ከስፔናዊ አባትና ከኢንካ ነገሥታት ዘር ከሆነች እናት የተወለደው ጋርሲላሶ ዴ ላ ቬጋ ነው። እርሱ በ1609 ዓ.ም. በሊዝቦን ባሳተመው መጽሐፉ እንደሚተርከው፥ የእናቱ ወገኖች ዘለላውን በሙቅ ውሃ ውስጥ በቀስታ እያሹ ጣፋጩን ካወጡ በኋላ፥ ወደ መራራው ሳይደርሱ እጃቸውን ያነሡ፥ ውሃውንም አጥልለው ለጥቂት ቀናት ካቈዩት በኋላ ለኵላሊትና ለፊኛ ሕመም ይጠጡት ነበር፤ በቅጠሉ ቅቅል እከክና የቈየ ቍስል ይታጠቡ፥ ሙጫውን ለቍስል ያውሉ፥ ለጋውንም ቅርንጫፍ የጥርስ መፋቂያ ያደርጉት ነበር። ከዚህ ሁሉ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ከመራራው በፊት የማቆም ጥንቃቄአቸው ነው፤ ዛፉ ባሕር ተሻግሮ ወደ እኛ ሲመጣ ይህ ጥበብ አብሮት አልመጣምና። ይኸው ጸሐፊ በልጅነቱ የኩዝኮን ሸለቆ ሞልቶት ያየው ዛፍ፥ ከሰሉ መልካም ስለ ሆነ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተቈርጦ ሊያልቅ መቃረቡንም መዝግቧል።

የዛፉ ኃይል በቅጠሉና በፍሬው ውስጥ ባለው መዓዛው ጠንካራ በሆነ ዘይት ነው። የቅጠሉን ቍራጭ በውሃ ላይ ያኖረ ሰው፥ ዘይቱ ከተቈረጠው ቦታ እየተረጨ ቍራጩን ወዲያና ወዲህ ሲያስፈነጥረው ማየት ይችላል። በአገራችንም ቅጠሉ ለዝንብ ማባረሪያ ሲያገለግል የቈየ ሲሆን፥ በ1996 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የታተመ ምርምር በቅጠሉ ውስጥ የቤት ዝንብን የሚያርቁ ንጥረ ነገሮች መኖራቸውን ለይቶ በማሳየት የባህሉን እውነተኛነት አጽንቷል።

ይሁን እንጂ ፍሬው፥ በስም ቢመሳሰልም፥ እውነተኛው የቁንዶ በርበሬ ቅመም አይደለም። ዛፉ ከማንጎ ወገን ይቈጠራል፤ ሙጫው የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያሳክካል፤ ፍሬውንም አብዝተው የበሉ ሕፃናት ትውከትና ተቅማጥ ይይዛቸዋል። በደቡብ አሜሪካ የባህል ሕክምና የቀረ የወር አበባን ለማምጣት ይሰጥ ስለ ነበረ፥ ለነፍሰ ጡር ሴት አደገኛ ነው።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ዛፉን በጥላውና በመዓዛው ደስ ተሰኝበት፥ ቅጠሉንም ለዝንብ ማባረሪያ አውለው፤ ፍሬውን ግን እንደ ቅመም ከወጥህ አትጨምር፥ ያለ ሐኪም ምክርም እንደ መድኃኒት አትጠጣው፥ ልጆችህንም ከዘለላው ጠብቅ።