ያውቁ ኖሯል? ቡና የምትባል ኮከብ አለች!

ያውቁ ኖሯል? ሰማይ ላይ ቡና የምትባል ኮከብ አለች! ቀልድ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በይፋ ያሳወቀው ስሟ ነው። የሚዞራት ፕላኔትስ ማን ተባለ? አቦል! ነገ ሌሎች ፕላኔቶች ቢገኙላት ስም ፍለጋ የሚደክም ያለ አይመስለኝም፤ ቶናና በረካ ተራ እየጠበቁ ነው!

አቦል ግን በሲኒ የሚቀርብ አይደለም! ክብደቱ ጁፒተርን ከአራት እጥፍ በላይ ያስከነዳል። ጁፒተር ደግሞ ብቻውን 318 መሬቶችን ይመዝናል። ቀሪውን እርስዎ ያባዙት! አንድ ዓመቱም የእኛን 990 ቀናት ያህል ይፈጃል። እዚያ እንቁጣጣሽ የሚጠብቅ ልጅ አሳዘነኝ!

ዛሬ ማታ ቡናን በቴሌስኮፕ ቢያዩ የሚያዩት የዛሬዋን ቡና አይደለም! ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ 200 ዓመት ገደማ ተጉዟል። ሲነሣ አገሩ በዘመነ መሳፍንት ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስም ገና ብላቴናው ካሣ ነበሩ!

ይህች ኮከብ ያለችው የት ሰፈር መሰለዎት? አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው። አንድሮሜዳ ማን ናት? በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ! አባቷ ሴፌየስ፣ በቁንጅናዋ የተመጻደቀችው እናቷ ካሲዮፒያ፣ ባሏ ፐርሲየስ፣ ቤተሰቡ እንዳለ ሰማይ ላይ ነው! በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት አዲስ አበባ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ሆነው ወደ እንጦጦ ቀና ይበሉ። ከጋራው በላይ በአምስት ኮከብ የተሠራች ጠመዝማዛ መስመር ካዩ፣ ንግሥቲቱ እሷው ናት!

እዚያው አቅጣጫ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ አለ። ብርሃኑ ከተነሣ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል! ሉሲ ያኔ ሞታ ቆይታለች። አፋር ውስጥ በጎና ግን ድንጋይ እየፈለጡ ቢላ የሚያወጡ እጆች ነበሩ!

ቡና ስሟን ባገኘች በሦስተኛው ቀን ምን ሆነ? የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ወደ ሕዋ ተወነጨፈች! ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ኢቲአርኤስኤስ 1! መቆጣጠሪያዋም የተተከለው እዚሁ እንጦጦ ላይ ነው። ከጳውሎስ ሽቅብ ባለው ጋራ ላይ፣ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖችም አሉ!

የሰሜን ኮከብ ከጳውሎስ ሲታይ እንጦጦ ላይ ሊያርፍ ምንም አይቀረውም! ክንድዎን ዘርግተው ጡጫዎን ይጨብጡ፤ ከአድማስ ያለው ከፍታ ከአንድ ጡጫ አያልፍም። በዚያው ሰማይ በግንቦት ምሽት ፊትዎን ወደ ደቡብ ቢያዞሩ ደግሞ የደቡብ መስቀልን ያያሉ። ለንደን ያለ ሰው ይህን መስቀል ዕድሜ ልኩን ቢያንጋጥጥ አያየውም!

በዓመት ሁለት ጊዜ ጥላዎ ይጠፋል! ሚያዝያ 6 ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 አካባቢ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል በር ላይ ቆመው ይሞክሩት። ፀሐይ ልክ አናትዎ ላይ ናት! የሊስትሮው ጃንጥላ ጥላ ከጃንጥላው ሥር ንቅንቅ አይልም፤ ታክሲ ጠባቂውም ጥላውን ረግጦት ቆሟል። ሁለተኛው ቀን ነሐሴ 23 ገደማ ነው፤ ደመናው ከፈቀደ! በሁለቱ መሃል የእኩለ ቀን ፀሐይ በእንጦጦ በኩል ስለምትሆን ጥላዎ ወደ መርካቶ ይወድቃል። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ዞሮ ወደ እንጦጦ!

ፀሐይን ካነሣን፣ መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው! ፀሐይ በምሥራቅ ከስድስት በሮች ወጥታ በምዕራብ በስድስት በሮች እንደምትገባ ይተርካል። ዓመቱንም 364 ቀን ያደርገዋል! ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ እስኪገባ ድረስ፣ እዚያ መጽሐፉ እንደጠፋ ነበር የሚታሰበው።

በዘመን ቀመሩ በባሕረ ሐሳብ የተካኑት ሊቃውንት የጨረቃን ሒሳብ ያለ ኮምፒውተር ጨርሰውታል! 19 ዓመት ማለት 235 የጨረቃ ወር ነው። የቀመሩ ሁለት ቁጥሮች፣ አበቅቴና መጥቅዕ፣ ሲደመሩ ደግሞ ምንጊዜም 30!

የአጥቢያ ኮከብ ኮከብ አይደለችም! ቬነስ ናት። ፀሐይን በ225 ቀን ትዞራለች፤ በራሷ ዛቢያ አንዴ ለመሾር ግን 243 ቀን ይፈጅባታል! የምትሾረውም ወደ ኋላ ነው፤ እዚያ ፀሐይ በምዕራብ ወጥታ በምሥራቅ ትጠልቃለች!

ማርስ ላይ ጀምበር ስትጠልቅ ሰማዩ በፀሐይዋ ዙሪያ ሰማያዊ ይሆናል! ኦሊምፐስ የሚባለውን እሳተ ገሞራዋን ለማከል አምስት ራስ ዳሽን መደራረብ ሊኖርብዎ ነው!

ጨረቃ የመሬት ስባሪ ትሆን? ዋነኛው መላ ምት እንዲህ ይላል፦ የማርስን ያህል ግዙፍ አካል ከሕፃኗ መሬት ጋር ተላተመ፤ ከፍርስራሹ ጨረቃ ተሠራች! አሁን ደግሞ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር ትርቀናለች።

ከኔፕቱን ማዶ የተደበቀ ዘጠነኛ ፕላኔት አለ የሚሉም አሉ! እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት የካሊፎርኒያ ሳይንቲስቶች ሒሳቡን ሠርተው አቀረቡ። ፕላኔቱን ግን እስካሁን በዓይኑ ያየው የለም!

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ታየች! ጨረቃ መሃሏን ሸፍና ጠርዟን ብቻ ተወችው።

ከአገራችን የሚታየው ቀጣዩ የፀሐይ ግርዶሽስ? ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.! ግብፅ ሉክሶር ላይ ፀሐይ ከ6 ደቂቃ በላይ ሙሉ በሙሉ ትጨልማለች፤ እኛ ዘንድ ከፊሏ ይሸፈናል። የግርዶሽ መነጽርዎን ከወዲሁ ያዘጋጁ፤ የሐምሌን ደመና ግን ማን ያናግርልን!