ከትሬይነር ቀጥሎ የትኛው አውሮፕላን?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ይብዛም ይነስም አንድ ነው፦ «ትሬይነሩን ያለ ረዳት አስነሥቼ አሳርፋለሁ፤ አሁን ምን ልግዛ?» አብሮት የሚመጣው ፎቶ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሙስታንግ ወይም ስፒትፋየር ያለ የጦር አውሮፕላን ሞዴል ነው። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ አንድ ላይ ልጻፈው።

ጊዜ ለሌለው ባጭሩ፦ ትሬይነር፣ ማለትም ለጀማሪ የተሠራው በሪሞት የሚበር ሞዴል አውሮፕላን፣ ሦስት ነገር ይሸፍንላችኋል። ሲያጋድል በራሱ ይቃናል፤ በዝግታ መብረር ይችላል፤ ፍጥነት ሲያንሰውም በድንገት አይወድቅም። ሁለተኛው አውሮፕላን የመጀመሪያውን ብቻ የሚነሳችሁ፣ ሁለቱን ግን የሚተውላችሁ ይሁን። የጦር አውሮፕላን ሞዴል ሦስቱንም በአንድ ቀን ይነሳችኋል። ከዚያ በኋላ ነገሩ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ነው፤ የሚለቀመውም ፎም ነው።

ዝርዝሩን ለሚፈልግ እነሆ።

✈️ ካፉሪ ምን አስተማረኝ

ሞዴል ማብረር የተማርኩት ካርቱም ባሕሪ፣ ካፉሪ ስኖር ነው። ሱዳን የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ በጥቁር አባይ ሰሜናዊ ዳርቻ ያለ፣ ድሮ የካፉሪ ቤተሰብ እርሻ የነበረ፣ በኋላ ትልልቅ ግቢዎች የተሠሩበት ሰፈር ነው። ከእኛም ሰው ብዙዎች በቤት ሠራተኝነት፣ በሾፌርነትና በጥበቃ እንጀራቸውን የበሉበት ነው። ሰፈሩ ውስጥ ግን አናበርም ነበር። የካርቱም አየር ማረፊያ ወንዙን ተሻግሮ ቅርብ ስለሆነ የትልልቆቹ አውሮፕላኖች መንገድ ነው። የምናበረው ወደ ምሥራቅ፣ ከሐጅ ዩሱፍ ወዲያ ወዳለው ገላጣ ሜዳ ወጥተን ነበር።

ይህ ሁሉ ከጦርነቱ በፊት ነው። ውጊያው የጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የቅዳም ሹር ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ በካርቱም ሰማይ ላይ ትንሽ ሞተር ሲያጓራ ሰው የሚሰማው ድሮን መጣ ብሎ ነው። አሁንም እዚያ ላላችሁ ምክሬ አንድ ብቻ ነው፦ ምንም ነገር አታብሩ። ያለው ዕቃ በካርቶን ይቆይ።

ካፉሪ ያስተማረኝ ዋናው ነገር አውሮፕላን በካታሎግ እንደማይመረጥ ነው። የሚመረጠው በምታበሩበት ቦታ አየርና መሬት ነው። ካታሎጉን የሚጽፉት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያበሩት ዝቅተኛ ቦታ ላይ፣ በቀዝቃዛ አየር፣ ከተከረከመ ሣር ላይ ነው። የእኛ ሁኔታ እንደዚያ አይደለም።

✈️ መጀመሪያ ትሬይነሩ በእርግጥ አልቋል ወይ?

አፕሬንቲስም ይሁን ኤሮስካውት ወይም ሌላ፣ ትሬይነር ክንፉ ከላይ ነው። የክንፎቹ ጫፎች ወደ ላይ ቀና ያሉ ናቸው፤ ስለዚህ እጃችሁን ከመሪው ስታነሱ ራሱን ያቃናል። የክንፉ የታችኛው ገጽ ጠፍጣፋ ወይም ወደ ጠፍጣፋ የቀረበ ስለሚሆን በዝግታ ይሸከማል። በዛሬዎቹ ላይ ደግሞ ጋይሮ አለ፤ ከተወሰነ በላይ እንዳያጋድል ይከለክለዋል።

ስለዚህ «አብሬያለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ጋይሮውን አጥፍታችሁ እነዚህን ሞክሩ፦

▪️ ከፍታ ሳትለቁ ስምንት ቁጥርን በሁለቱም አቅጣጫ መሥራት።
▪️ አውሮፕላኑ ወደ እናንተ ሲመጣ ግራና ቀኝ ሳይምታታባችሁ መምራት።
▪️ ሞተሩን አጥፍቶ፣ በመረጣችሁት ቦታ ማሳረፍ።
▪️ ከፍ ብላችሁ ሆን ብላችሁ ፍጥነቱን መግደል፣ አፍንጫው ሲወርድ አይቶ መመለስ።
▪️ ሲታጠፍ ረደሩን ከኤሌሮን ጋር አብሮ መጠቀም። ትሬይነር ላይ የግራ አውራ ጣት ሥራ ፈቶ ይቀመጣል፤ በሁለተኛው ግን ይፈለጋል።

አምስቱን የሚሠራ ሰው ተዘጋጅቷል። ሁለቱ ከጎደሉት አዲስ አውሮፕላን ሳይሆን አዲስ ባትሪ ቢገዛ ይሻለዋል።

✈️ አየሩ፦ ክብደትን አስቀድማችሁ አንብቡ

ክንፍ የሚሸከመው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በፍጥነት መሄድ ግድ ይለዋል። አየርን የሚያሳሳው ሁለት ነገር ነው፤ ሙቀትና ከፍታ።

ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ናት፤ ዝቅተኛ ናት ማለት ይቻላል። ነገር ግን በ42 ዲግሪ ሙቀት አየሩ በባሕር ወለል ላይ ካለው የተለመደ አየር በ13 በመቶ ገደማ ይሳሳል። አዲስ አበባ ደግሞ ሙቀቷ ለስላሳ ቢሆንም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በ20 ዲግሪ ቀን አየሯ በሩብ ያህል የሳሳ ነው።

በፍጥነት ስናሰላው እንዲህ ይሆናል። በባሕር ወለል ላይ በሰዓት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ሲወርድ መሸከም የሚያቆም አውሮፕላን፣ በካርቱም ቀትር 32 ላይ ያቆማል፤ በአዲስ አበባ 35 ላይ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን መሬት ሲነካ የሚያርፍበት ምት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚጨምር፣ አዲስ አበባ ላይ ምቱ ከሦስት እጅ አንድ ያህል ይበረታል። ለመታጠፍም የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። በካታሎጉ ላይ «ዝግተኛ» የተባለው እኛ ጋ ሲደርስ መካከለኛ ይሆናል፤ «መካከለኛ» የተባለው ፈጣን ይሆናል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ቁጥር ፈልጉ፤ ባትሪው ገብቶበት የሚመዝነውን ግራምና የክንፉን ስፋት በካሬ ዴሲሜትር። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። 1,200 ግራም ሆኖ ክንፉ 30 ካሬ ዴሲሜትር ከሆነ፣ ውጤቱ 40 ነው። ከ1.1 እስከ 1.5 ሜትር ክንፍ ላላቸው የፎም አውሮፕላኖች፣ ለሁለተኛነት ከ45 ባይበልጥ እመርጣለሁ። ከ60 በላይ የሆነውን ለሦስተኛ ወይም ለአራተኛ አቆዩት። አዲስ አበባ ላይ በባሕር ወለል ባለው ፍጥነት ልረፍ የሚል ሰው፣ አንድ ኪሎ የነበረውን አውሮፕላን ወደ 740 ግራም ማውረድ አለበት። ማንም እንደዚያ አያደርግም፤ ግን ትልቅ ባትሪ ከመጫን ትንሹን መምረጥ፣ ቀለምና ጌጥ አለማብዛት በእጃችን ያለ ነገር ነው።

የነዳጅ ሞተር የምታስቡ ካላችሁ፣ እሱ ራሱ አየር የሚተነፍስ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አይደክምም፤ ፕሮፔለሩ ግን የሚይዘው አየር ያንሰዋል። ስለዚህ ደጋ ላይ ፕሮፔለሩን በአንድ ኢንች ማሳደግ ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ የሚስበውን አምፔር በዋትሜትር ለክታችሁ ብቻ።

✈️ እጩዎቹ

1. ክንፈ ላይ፣ ትልልቅ ጎማ ያላቸው። ዱራፍላይ ታንድራ (1.3 ሜትር) እና ኢ-ፍላይት ቲምበር (1.5 ሜትር) የዚህ ወገን ናቸው። ፍላፕ ስላላቸው ሲያርፉ በጣም ይዘገያሉ፤ ራሳቸውን ግን እንደ ትሬይነር አያቃኑም። አዙራችሁ መመለስ የእናንተ ሥራ ይሆናል። ለእኛ መሬት የመጀመሪያ ምርጫዬ እነዚህ ናቸው።

2. ስቲክ የሚባለው ወገን። ምንጩ አሜሪካዊው ፊል ክራፍት በ1960ዎቹ የነደፈው አግሊ ስቲክ ነው። መልኩ ሳጥን ነው፤ ግን ክንፉ ከግንዱ እስከ ጫፉ እኩል ስፋት ስላለው ጫፉ ቀድሞ አይከዳም። የክንፉ ላይና ታች አንድ ዓይነት ቅርጽ ስለሆነም ተገልብጦ ለመብረር ምቹ ነው። ሉፕና ሮል መማር ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

3. ክንፈ ታች ካስፈለገ፣ ቲ-28 ትሮጃን። እውነተኛው ቲ-28 የአሜሪካ አየር ኃይልና ባሕር ኃይል የማሠልጠኛ አውሮፕላን ነበር። የክንፎቹ ጫፎች ቀና ያሉ ናቸው፤ ጎማዎቹም ሰፋ ብለው የተራራቁ ናቸው። የጦር አውሮፕላን መልክ አለው፤ ጠባዩ ግን ገራም ነው። ዓይናችሁ ከሙስታንግ አልነሣ ካለ በዚህ በኩል እለፉ።

ሙስታንግና ስፒትፋየር ለምን አይሆኑም? ክንፋቸው ወደ ጫፉ ይጠብባል፤ ፍጥነት ሲያንስ ጫፉ ቀድሞ መሸከም ያቆማል፤ አውሮፕላኑም በአንድ ጎን ተገልብጦ ይወርዳል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ለማረፍ ስትዞሩ፣ ለመመለስ ከፍታ በሌለበት ሰዓት ነው። ብዙዎቹ ሞዴሎች ለስፋታቸው ከባድ ናቸው። የስፒትፋየር ጎማዎች ደግሞ ተቀራርበው ስለሚቆሙ ጎርባጣ መሬት ላይ በቀላሉ ይገለበጣል።

✈️ መሬቱ፣ አቧራውና ፀሐዩ

ከሐጅ ዩሱፍ ወዲያ ያለው ሜዳ አሸዋና ጠጠር ነው። እንዲህ ባለ መሬት የአፍንጫ ጎማ ቶሎ ይጣመማል፤ ከፊት ሁለት ትልልቅ ጎማ፣ ከኋላ የጅራት ጎማ ያለው ይሻላል። ጎማው ትንሽ ከሆነ ነቅላችሁ በእጅ ወርውራችሁ አስነሡት፤ በሆዱ ያርፋል። አዲስ አበባ ዙሪያ ላለው ጉብታ የበዛበት የግጦሽ ሣርም ይኸው ይሠራል።

ስለ ቀለም። ሰማዩ በአቧራ ሲደበዝዝ ነጭና ግራጫ አውሮፕላን ይጠፋል። ጥቁር ቀለም በደንብ ይታያል፤ ግን ፀሐይ ሲመታው ይግላል፤ ፎሙም ያብጣል። መፍትሔው የላይኛውን ገጽ ብሩህ፣ ከታች ያለውን ጥላ የሚያርፍበትን ገጽ ደግሞ ጥቁር ሰፋፊ መስመር ማድረግ ነው። ከታች ሆናችሁ የምታዩት ያንኑ ነው።

ባትሪ፦ ሊፖ ባትሪ በተዘጋ መኪና ውስጥ በሱዳን ፀሐይ አይተውም። ሞልቶም አይቀመጥ፤ አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ለማስቀመጥ ግን 3.8 አካባቢ ይሁን። ከበረራ ትኩስ ሆኖ የመጣውን ሳይበርድ አትቻርጁት። ሰዓታችሁም ማለዳ ይሁን፤ ነፋሱ ዝቅ ያለ፣ አየሩም ቀዝቀዝ ብሎ የወፈረ ነው። ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል በሚነሣበት ወራት አድማሱ መቅላት ሲጀምር ወዲያው አውርዱ። የገባ አቧራ ሰርቮን ይበላል።

✈️ መግዛት ወይስ መሥራት?

ለብዙዎቻችሁ መልሴ መሥራት ነው። ፍላይት ቴስት የሚባሉት አሜሪካውያን የፎም ቦርድ አውሮፕላን ንድፎችን በነጻ ያወጣሉ። ሲምፕል ከብ እና ሲምፕል ስካውት ለዚህ ደረጃ ጥሩ ናቸው። የሚያስፈልገው ፎም ቦርድ፣ መቁረጫ ምላጭና ትኩስ ማጣበቂያ ነው። ሞተሩን፣ ሰርቮዎቹንና ሪሲቨሩን ከትሬይነራችሁ ታዛውራላችሁ። ሲሰበር አዲስ አካል በአንድ ማታ ይቆረጣል፤ ሰው የሚደፍረውም ስብራቱን ሳይፈራ ሲቀር ነው።

ከውጭ ዘመድ ይምጣልኝ የምትሉ፦ ሊፖ ባትሪ በሻንጣ አይላክም፤ መንገደኛው በእጁ ይዞት ይግባ። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው በአብዛኛው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል። የተለመደው ባለ ሦስት ሴል 2,200 ሚሊአምፔር-ሰዓት ባትሪ 24 ዋት-ሰዓት ገደማ ብቻ ነው።

ዋናው ግን ፈቃዱ ነው። ካሜራ ባይኖረውም ጉምሩክ ላይ እንደ ድሮን ሊታይ ይችላል። ዕቃው ከመምጣቱ በፊት የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንንና ኢንሳን ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። አዲስ አበባ ውስጥ ያላችሁ፣ የቦሌ አየር ማረፊያ በከተማው ውስጥ መሆኑን አትርሱ፤ ከመንደር ሰገነት ላይ አይበርም።

የእኔ ፍርድ ይኸው ነው፦ በእጃችሁ ገንዘብ ካለ ታንድራ ወይም ቲምበር፤ ከሌለ በገዛ እጃችሁ የቆረጣችሁት ሲምፕል ከብ፤ ሙስታንግ ደግሞ ከእነዚህ አንዱን አብርራችሁ ካረጃችሁት በኋላ። በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ፣ በድሬዳዋ ወይም በሌላ ቦታ የምታበሩ ካላችሁ የአውሮፕላናችሁን ክብደት፣ የክንፉን ስፋትና የፕሮፔለሩን ቁጥር ከታች ጻፉ። የካታሎግ ቁጥር የሌላ አገር ነው፤ የራሳችንን ከፍታ ቁጥር እርስ በርስ ብንሰጣጥ ለሚቀጥለው ጀማሪ ይጠቅመዋል።