ጋዜጠኛ ሱሉልታ ድረስ የሚመጣው መቼ ነው?

ዜና ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ በአደባባይ ግን የማይወራ ነገር ልንገርዎት። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ አነስተኛ ድርጅቶች ዜና የማይሆኑት ሥራቸው ስላነሰ አይደለም። ከተሞቹ በሁለት ዴስክ መሀል ስለወደቁ ነው። የአዲስ አበባን ጉዳይ የሚከታተለው ሪፖርተር «እሱማ ኦሮሚያ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የክልል ዜና አዘጋጁ ደግሞ ክልል ሲባል ጅማን፣ ነቀምትን፣ ባሌን ነው የሚያስበው፤ ከአየር ጤና ታክሲ ተይዞ የሚደረስበት ሰበታ ትዝ አይለውም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። እኔ በማውቃቸው የአዲስ አበባ ዜና ክፍሎች ግን «ሸገር የእኔ ምድብ ነው» የሚል ሪፖርተር አላየሁም።

ለኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክና የኢትዮጵያ ፕሬስ ድርጅት ለሚያሳትመው በሪሳ ጋዜጣ ግን እነዚህ ከተሞች የቤት ጉዳይ ናቸው። በአማርኛ የሚሠራ ነጋዴ ይህን በር ሳያንኳኳ ያልፋል፤ ያሳዝነኛል። ኦሮምኛ አቀላጥፎ የሚናገር፣ ሥራውን ከልቡ የሚያውቅ ሠራተኛ ካለዎት ካሜራ ፊት እሱን ያቁሙት።

ሁለተኛው ምስጢር መኪና ነው። ጠዋት ምድብ ሲወጣ መኪናው መጀመሪያ የሚሄደው ለመግለጫና ለስብሰባ ነው። ከዚያ የተረፈ ከተገኘ ነው እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ የሚወርደው፤ ሾፌሩም እስከ ምሳ እንዲመለስ ይጠበቃል። ስለዚህ ሲደውሉ አንድ ዜና ብቻ ይዘው አይደውሉ። የእርስዎን የወተት ማቀነባበሪያና የጎረቤትዎን የድርቆሽ ንግድ፣ ወይም የእርስዎን የእንጨት ሥራ ቤትና ከማዶ ያለውን ብረታ ብረት ቤት አንድ ላይ ያቅርቡ። በአንድ ጉዞ ሁለት ዘገባ የሚገኝ ከሆነ ምድብ አውጪው መኪናውን ለመስጠት አያመነታም። ጎረቤትዎ አብሮዎት ቢታይ የሚቀነስብዎት ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ምን ብሎ መደወል? ለዜና ክፍል ከሚላኩት መልእክቶች አብዛኞቹ እንዲህ ይላሉ፦ «ድርጅታችን ጥራቱን የጠበቀ የወተት ተዋጽኦ በተመጣጣኝ ዋጋ ለኅብረተሰቡ በማቅረብ ላይ ይገኛል።» አዘጋጁ «ጥራቱን የጠበቀ» የሚለው ላይ ሲደርስ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ይህን የማይል ድርጅት ስለሌለ ነው። ሱሉልታ ላይ ላሞች ያሏት አንዲት እናት ልክ እንዲህ ያለ መልእክት ልካ ስልክ ደወለችልኝ። ንግግራችን አልቆ ልንሰነባበት ስንል፣ እንደ ዋዛ ይህን አለች፦ «ወንድሜ፣ አሁንማ ሁዳዴ ገባ፤ ወተቱን የሚወስድልኝ ሰው የለም። ላም ደግሞ ጾም አታውቅም፤ ጠዋትም ማታም ትታለባለች። መኖው እንደሆነ ዋጋው ፍንክች አላለም። ቅቤውን እያወጣን ለፋሲካ ማስቀመጥ ነው እንጂ ምን እናድርግ?»

ዜናው ይሄ ነበር። አምሳ አምስት ቀን ከተማው ወተት ሲያቆም ከእንጦጦ ጀርባ ያለው ወተት ወዴት ይሄዳል? አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖር አድማጭ ሁሉ ወተት የማይጠጣበትን ወራት ያውቃል፤ የላሟን ወገን ግን አስቦት አያውቅም። የሴትየዋ ድርጅት ስም ዘገባው መሀል ላይ ገባ፤ ቅቤዋን ከየት መግዛት እንደሚቻልም ሰው ጠየቀ። ጥራቱን ስለጠበቀ ወተት ብንሠራ ኖሮ ማንም ጆሮ አይሰጠውም ነበር። እርስዎም የሚያስቡት «ስለ ድርጅቴ ምን ልበል?» ብለው አይሁን። «እኔ እዚህ ዳር ላይ ሆኜ የማየው፣ መሀል ከተማ ያለው ሰው ግን የማያየው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። የከተማው ወተት፣ እንቁላል፣ ድንጋይና አበባ በእናንተ መንገድ ነው የሚገባው። ዋጋ ሲንቀሳቀስ መጀመሪያ የሚያውቀው እናንተ ጋ ያለው ሰው ነው።

ለዚህ ነው የዜና ክፍሉን የቀን መቁጠሪያ ማወቅ የሚጠቅመው። ከእንቁጣጣሽ፣ ከገና እና ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት እያንዳንዱ ሚዲያ «የበዓል ገበያ» ይሠራል፤ ዶሮ ስንት ገባ፣ እንቁላል ስንት ሆነ። ሪፖርተሩ ሾላ ገበያ ሄዶ ሁልጊዜ የሚያናግረውን ነጋዴ ያናግራል፤ ሌላ ስልክ ስለሌለው ነው። የቡራዩ ዶሮ አርቢ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ «ዘንድሮ የመኖ ዋጋ እንዲህ ስለሆነ እንቁላል ወደዚህ ይሄዳል» ብሎ ቢደውል፣ ያ ስልክ ቁጥር በሪፖርተሩ ደብተር ላይ ለዓመታት ይቀመጣል። ሌላው አመቺ ጊዜ የወሬ ድርቅ የሚሆንበት ክረምቱ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ትልቁ የወሬ ምንጭ ይዘጋል። በመጋቢት አንገቱን የማያቀናው አዘጋጅ ሐምሌ ላይ ስልክ ያነሳል። የጋዜጦቹን ቀንም ልብ ይበሉ። የአማርኛው ሪፖርተር ረቡዕና እሑድ፣ ፎርቹንና ካፒታል እሑድ ነው የሚወጡት። ዓርብ ከሰዓት መደወል ገጽ ሊዘጋ ሲል መግባት ነው፤ ሰኞ ጠዋት ይሻላል።

ስለ ገንዘብ ደግሞ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሳይሆን ከፍ አድርጌ ብናገር እወድ ነበር። በኤፍ ኤም ራዲዮና በቴሌቪዥን ከሚሰሟቸው ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የጣቢያው አይደሉም። ተባባሪ አዘጋጆች የሚባሉ ሰዎች የአየር ሰዓት ገዝተው ወይም ገቢ ተካፍለው የሚሠሯቸው ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሰዓቱን የሚከፍሉት ከስፖንሰር ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ምክንያት የቢራ ማስታወቂያ ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ሲጠፋ ትልቁ ስፖንሰር አብሮ ጠፋ። ሰበታ የሜታ አቦ ቢራ አገር ናት፤ ፋብሪካው በ2004 ዓ.ም. በ225 ሚሊዮን ዶላር ለእንግሊዙ የመጠጥ ኩባንያ ዲያጆ ሲሸጥ የኢኮኖሚ ዜናዎችን ቀዳሚ ቦታ ይዞ ነበር። እንደሱ ያሉት ሲከፍሉት የነበረው ሲቀር፣ ክፍተቱን ለመሙላት ዓይን ያረፈው በትንንሾቹ ላይ ነው። «ስለ ድርጅትዎ ቃለ መጠይቅ እንሥራልዎ» ይባላሉ፤ ሰዓቱ ሲቃረብ ሒሳቡ ይነገራል። ለሠራተኛ ደመወዝ ያስቀመጡትን ለእንዲህ ያለ ቃለ መጠይቅ ከፍለው፣ ቅዳሜ ማታ ማንም በማይሰማበት ሰዓት የተላለፈላቸው ሰዎች አውቃለሁ፤ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው በትሕትና ይጠይቁ፦ «ይሄ ዜና ነው ወይስ ማስታወቂያ?» የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ፕሮግራም ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል፤ ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም። ማስታወቂያ ከሆነ ውል ይጻፍ፣ ደረሰኝ ይቆረጥ፣ የሚተላለፍበት ሰዓት ይታወቅ፤ ከዚያ ያዋጣኛል አያዋጣኝም ብለው ያስቡ። ዜና ከሆነ አይከፈልም። በምድብ የመጣ ሪፖርተር ቡና ከጠጣ ይበቃዋል። «የትራንስፖርት» ብሎ በፖስታ ገንዘብ የመስጠት ልማድ እኛ ቤት የለም ብዬ አልዋሽዎትም። እርስዎ ግን አይጀምሩት። አንዴ የከፈለ ድርጅት በዜና ክፍሉ ወሬ ውስጥ «የሚከፍል» ተብሎ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ በነፃ የሚመጣለት የለም።

ሳይከፍሉ እስከ ዓለም ዳርቻ የተወራላቸው አሉ። ቤተልሔም ጥላሁን የጫማ ድርጅቷን ሶልሬብልስን በ1997 ዓ.ም. የመሠረተችው ዘነበወርቅ ነው፤ አለርት ሆስፒታል ባለበት፣ ወደ ሰበታ በሚወስደው ወገን። ሲኤንኤንና ፎርብስ እዚያ ድረስ የመጡት ጫማው ጥሩ ነው ስለተባለ አልነበረም። ከመኪና ጎማ የሚቆረጠውን በረባሶ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እሷ ያንን ይዛ፣ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ጨምራ፣ ያደገችበትን ሰፈር ልጆች አሠልፋ ለዓለም ገበያ ማቅረቧ ነው የተወራው። በ2011 እ.ኤ.አ. የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም ከወጣት መሪዎች ተርታ መረጣት። እኛ ቤት የተናቀው በረባሶ ለውጭው ጋዜጠኛ ብርቅ ነበር። እሷም ታሪኩን ከሰፈሩ ለይታ ተናግራው አታውቅም።

ሱሉልታ ላይ ደግሞ የውጭ ስፖርት ጋዜጠኞች በየዓመቱ ሯጮችን ፍለጋ ይመጣሉ፤ የአትሌቶች ማረፊያና መለማመጃው ያያ ቪሌጅ እና የቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ሜዳ ይስባቸዋል። እነሱ የሚጽፉት ስለ ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ሯጩ ከልምምድ በኋላ የት ቁርስ እንደሚበላ፣ ማን ልብሱን እንደሚያጥብለት ይጠይቃሉ። ቁርስ ቤት ያለው ሰው የሆቴሎቹንና የአስጎብኚዎቹን ስልክ ካልያዘ ዕድሉ በደጁ ያልፋል።

ስለ ቁጥርም አንድ ነገር። ሪፖርተር «በወር ስንት ታስገባላችሁ?» ሲል ባለቤቱ ይደነግጣል፤ ገቢዎች እንደሚሰማ ያውቃል። ዝም ማለት ግን ዘገባውን ይገድለዋል፤ መዋሸት ደግሞ እርስዎን ይገድላል። በቀን ስንት ሊትር፣ ስንት ሠራተኛ፣ ከስንት አርሶ አደር እንደሚገዙ ይናገሩ። ለአዘጋጁ ይበቃዋል። ንግድ ፈቃድዎ መታደሱን፣ ምግብ ከሆነ የብቃት ማረጋገጫዎ መኖሩን ግን ጋዜጠኛው ከመምጣቱ በፊት ያረጋግጡ፤ ካሜራ ከጎበኘው ቤት በኋላ ተቆጣጣሪ መምጣቱ የተለመደ ነው።

የክፍለ ከተማዎን የኮሙኒኬሽን ባለሙያና የሥራ ዕድል ፈጠራ ቢሮውን ሰው ይተዋወቁ። ባለሥልጣን ለጉብኝት ሲመጣ ጋዜጠኞች የሚሄዱት እነሱ ዝርዝር ውስጥ ወዳስገቧቸው ድርጅቶች ነው።

ዘገባው በሚተላለፍበት ቀን ስልክዎን ቻርጅ ያድርጉ፤ ዜና ላይ ስልክ ቁጥር አይነገርም፤ ሰው ጣቢያውን ጠይቆ ነው የሚያገኝዎት። የድርጅቱ ስም በራዲዮ አንዴ ተሰምቶ የሚያዝ ካልሆነ፣ ለሪፖርተሩ የሰፈሩን ምልክት ይስጡት፦ «ገፈርሳ ግድቡ ሳይደረስ» ይበለው። ራዲዮውን በሌላ ስልክ ይቅዱ፤ ቅጂውን ጣቢያው ላያስቀምጥልዎ ይችላል። ሌላ ጣቢያ ሰምቶ በዚያው ሳምንት ከደወለ ያንን ቅጂ ይላኩለት፤ ያላወሩትን አዲስ ነገርም ይጨምሩበት።