ጀግንነትን በአደራ ቋንቋ ማስተማር

ሻርጃ፦ በአል ተዓውን አካባቢ የኖቬምበር ወር ሁለት መልክ አለው። በወሩ የመጀመሪያ ሳምንታት በኤክስፖ ሴንተር ሻርጃ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ትርዒት ከሻርጃ፣ ከዱባይና ከዓጅማን ቤተሰቦችን ይሰበስባል። በወሩ የመጨረሻ ቀን ደግሞ የተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች በግዳጅ ላይ የወደቁ ልጆቿን ታስባለች። ሰንደቅ ዓላማው ዝቅ ብሎ ይውለበለባል፣ የአንድ ደቂቃ ዝምታ ይደረጋል፣ ከዚያም ሰንደቁ በብሔራዊ መዝሙር ታጅቦ ዳግም ከፍ ይላል። በዚህ አገር ተወልደው በዚሁ የሚማሩ የአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ልጆችም በትምህርት ቤታቸው ቅጥር ግቢ ተሰልፈው ይህንኑ ያደርጋሉ። ወደ ቤት ሲመለሱ ጀግና ማን እንደሆነ፣ ለምንስ ጀግና እንደተባለ መጠየቃቸው አይቀርም። ወላጅ የሚሰጠው መልስ ልጁ ስለ መሪነት የሚኖረውን አስተሳሰብ የሚቀርጽ በመሆኑ ሊታሰብበት ይገባል።

የመታሰቢያው ቀን በ2015 ሲታወጅ ኖቬምበር 30 የተመረጠው በምክንያት ነው። በ1971 በዚሁ ዕለት፣ ኅብረቱ ሊመሠረት ሁለት ቀን ብቻ ሲቀረው፣ በታላቋ ቱንብ ደሴት የነበረውን የራስ አል ኸይማ የፖሊስ ጣቢያ የሚጠብቁት ስድስት ሰዎች ነበሩ። ኃላፊያቸው ወጣቱ ሳሊም ሱሃይል ቢን ኸሚስ ነበር። የኢራን ጦር ደሴቲቱን ለመያዝ በደረሰ ጊዜ ሳሊም ሰንደቁን እንዲያወርድ ተጠየቀ፤ አላወርድም አለ። በቦታው ተሰዋ፤ የአገሪቱ የመጀመሪያው ሰማዕትም ተባለ።

ይህን ታሪክ ለልጅ የሚነግር ሰው ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው ስለ ጥይቱና ስለ ባላንጣው ማውራት ነው። ሁለተኛው ሳሊም በእጁ ስለነበረው አደራ ማውራት ነው። በሥሩ የነበሩት ጥቂት ሰዎች፣ አንድ ጣቢያና አንድ ሰንደቅ ብቻ ናቸው፤ ሥልጣኑ ትንሽ ነበር። ያም ሆኖ ያን ትንሽ ኃላፊነት እንደ ትልቅ ነገር ያዘው። ልጅ ከዚህ የሚማረው የመሪነት መለኪያ የሥልጣን ስፋት ሳይሆን የተቀበሉትን አማና መጠበቅ መሆኑን ነው። ይህን ደግሞ በመማሪያ ክፍሉም በቤቱም ሊተገብረው ይችላል።

የአገሪቱ የትምህርት ሥርዓትም ለሥነ ምግባር የራሱን ስፍራ ሰጥቷል። በ2016 ይፋ የሆነው የሥነ ምግባር ትምህርት ከ2017 ጀምሮ በመንግሥትና በግል ትምህርት ቤቶች መሰጠት ጀምሯል። ከአራቱ ዐምዶቹ የመጀመሪያው ባሕርይና ግብረ ገብ ሲሆን፣ የተቀሩት ግለሰብና ማኅበረሰብ፣ የባህል ጥናትና የዜግነት ጥናት ናቸው። በአቡ ዳቢ፣ ከሼኽ ዛይድ ታላቁ መስጊድ ትይዩ የቆመው ዋሐት አል ከራማ የተሰኘው መታሰቢያም ይህንኑ በቅርጽ ይናገራል። 31 ግዙፍ ሰሌዳዎች አንዱ በሌላው ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ትርጉሙም ግልጽ ነው፤ ጀግና ብቻውን አይቆምም፣ የሚደግፈውና የሚደገፍበት ወገን አለው።

እኛ ሙስሊሞች በዚህ ረገድ የዳበረ ቅርስ አለን። አቡበከር ሲዲቅ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ለሚዘምተው ጦር የሰጡት ምክር በታሪክ መጻሕፍት ሰፍሮ ይገኛል። ሴትን፣ ሕፃንንና ሽማግሌን እንዳይገድሉ፣ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ እንዳይቆርጡ፣ ለምግብ ካልሆነ በቀር ከብት እንዳያርዱ፣ በገዳማቸው የተቀመጡ መነኮሳትን እንዳይነኩ አዘዋል። ጦሩ ከመንቀሳቀሱ በፊት የድፍረቱ ወሰን ተሰመረለት ማለት ነው።

የኸሊድ ኢብኑ ወሊድን (ረ.ዐ.) ሰይፍ ለልጆች የሚተርክ ብዙ ነው፤ ከአዛዥነት የተነሡበትን ወቅት የሚተርክ ግን ጥቂት ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) የኸሊፋነቱን ኃላፊነት ሲረከቡ ኸሊድን አንሥተው አቡ ዑበይዳን (ረ.ዐ.) ሾሙ። ድል የለመደው ያ አዛዥ አላኮረፈም፣ ጦሩንም አልከፈለም፤ በተተኪው ሥር ሆኖ መዋጋቱን ቀጠለ። ስንቱ ሰው ከሥልጣን ሲወርድ የሠራውን በገዛ እጁ እንደሚያፈርስ ለሚያውቅ ሁሉ፣ ይህ ከየትኛውም የጦር ሜዳ ድል አያንስም።

ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው የጀግና አነጋገር በአብዛኛው በፉከራና በቀረርቶ የተቃኘ ነው። ፉካሪ ስንት እንደጣለ ይቆጥራል። ይህ የአያቶቻችን ቅርስ ውበት አለው፤ ነገር ግን ልጅ የአባቱን ጀግንነት ሲወርስ ቂሙንም አብሮ እንዳይወርስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በባዕድ አገር በአንድ ክፍል የሚማሩ የኢትዮጵያ ልጆች ያላዩትን ጠብ በተረት ተቀብለው እርስ በርስ ቢራራቁ ጥፋቱ የተራኪው ነው።

ስለዚህ ቆጠራውን የሚያቀና ምሳሌ ያሻል፤ እርሱም ከቤታችን አልጠፋም። ከ1951 ጀምሮ ከ6,000 በላይ የኢትዮጵያ ወታደሮች በቃኘው ሻለቃ ስም በየተራ ወደ ኮሪያ ዘምተዋል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት በዚያ ወድቀዋል። ከመካከላቸው በምርኮ የተያዘ እንዳልነበረ፣ የወደቀ ባልንጀራቸውንም በጦር ሜዳ ጥለው እንዳልተመለሱ በኩራት ይነገራል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ለልጅ ሊነገር የሚገባው ሌላ ነው። ወታደሮቹ በዶንግዱቾን ከተማ ጦርነቱ ወላጅ ያሳጣቸውን ሕፃናት የሚያሳድግ ቦህዋ የተባለ ቤት በ1953 አቋቁመዋል። በተኩሱ መካከል የማያውቁትን፣ ቋንቋውን የማይሰሙትን የሰው ልጅ ማሰባቸው ከፉከራ ሁሉ በላይ የሚሰማ ነው። የእነርሱ ታሪክ ሲተረክ ስንቱን ጣሉ ከማለት ይልቅ ስንቱን አነሡ ብሎ መቁጠር ይቻላል።

ለማስተማር ብዙ ዝግጅት አያስፈልግም። ከ2022 ጀምሮ በሻርጃ ትምህርት ቤቶች ዐርብ፣ ቅዳሜና እሑድ የዕረፍት ቀናት ስለሆኑ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ለቤተሰብ ጨዋታ ጊዜ አለ። አንድ ታሪክ ተነግሮ ሲያበቃ ልጁን ሦስት ነገር መጠየቅ ይበቃል። ይህ ሰው ምን አደራ ተቀብሎ ነበር? ከእርሱ በታች ለነበሩትና ለደካሞች ምን አደረገ? ማድረግ ሲችል የተወው ነገር ምንድን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ ይከብዳል፤ ልጁ ቶሎ መልስ ቢያጣ አይደንቅም፤ ጊዜ ወስዶ ያስብበት።

በእነዚህ ጥያቄዎች ያደገ ልጅ ጀግንነቱን ለመፈተን ጦር ሜዳ አይጠብቅም። የክፍል አለቃ ሲሆን ለጓደኞቹ ሳያዳላ ይመዘግባል፤ በእግር ኳስ ጨዋታ አምበልነቱን ለሌላ ሲያስረክብ አይቀየምም፤ ታናናሾቹን መንገድ ሲያሻግር ቀድሟቸው አይሮጥም። ነገ ትልቅ ኃላፊነት የሚሸከም ትከሻ ዛሬ በእንዲህ ያለው ትንሽ ሸክም ይለማመዳል።