ለቤት ዓሣዎች የሚስማማ ውኃ

ከመስተዋት በተሠራ ገንዳ ውስጥ ዓሣ ማኖር ለቤት ጌጥ፣ ለልጆችም ትምህርት የሚሆን መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ስለ ውኃው ሳያውቁ ዓሣ ወደ ቤት ማምጣት፣ በረት ሳይሠሩ ከብት እንደ መግዛት ይቆጠራል።

ይህን የተማርነው በራሳችን ጥፋት ነው። ለልጆቻችን አምስት ወርቃማ ዓሣዎች ገዝተን ጥቂት ወራት ካኖርን በኋላ፣ ገንዳው ደፈረሰ ብለን አንድ ቅዳሜ ማታ ውኃውን በሙሉ ደፋነው። መስተዋቱንና አሸዋውንም አሳምረን አጥበን፣ ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ውኃ ሞላንበት። በማግሥቱ ጧት ሦስቱ ሞተው ተንሳፈው ተገኙ። ታናሺቱ ልጃችን «የሰጠናቸው ንጹሕ ውኃ አልነበረም ወይ?» ብላ ስትጠይቀን የምንመልስላት አጣን።

መልሱን ያገኘነው ኋላ ጠይቀንና አንብበን ነው። ይኸውም ለሰው ንጹሕ የሆነ ውኃ ሁሉ ለዓሣ የሚስማማ አለመሆኑ ነው። የአዲስ አበባ ውኃ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ተጣርቶ ሲመጣ፣ ከበሽታ እንዲጠብቀን ክሎሪን ይጨመርበታል። ይህ ለእኛ ጤና የተደረገው መድኃኒት፣ ዓሣው የሚተነፍስበትን አካል ያቃጥላል። ከዚህም በቀር ከዓሣ የሚወጣውን አሞኒያ የተባለ መርዝ የሚለውጡ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች በአሸዋውና በማጣሪያው ላይ ይኖራሉ። እኛ ግን ቆሻሻ መስለውን አብረን አጠብናቸው።

ስለዚህ የቧንቧውን ውኃ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ቀድቶ፣ ሳይከድኑ ቢያንስ 24 ሰዓት ማቆየትና አልፎ አልፎ ማማሰል ይገባል፤ ክሎሪኑ ተንኖ ይሄዳል። ክሎራሚን በሚጨመርበት ከተማ ግን ማቆየቱ ብቻ ስለማይበቃ፣ ለዚሁ የተዘጋጀውን መድኃኒት መጨመር ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ ከገንዳው ውኃ ከሩብ በላይ አለመለወጥ፣ የአዲሱም ሙቀት ከነባሩ ጋር እንዲተካከል ማድረግ ይበጃል።

አንዳንድ ሰዎች ፈጽሞ የተጣራ ውኃ ይሻላል ብለው፣ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተነጠረ ውኃ ይገዛሉ። በመጀመሪያ የገዙት የባትሪ አሲድ አለመሆኑን አጥብቀው ይመርምሩ። የተነጠረው ውኃም ቢሆን ማዕድን የሌለው ባዶ ውኃ ስለሆነ፣ ብቻውን ለዓሣ አይበቃም፤ ከቆየ የቧንቧ ውኃ ጋር ሊደባለቅ ይገባል። መጠኑም እንደ ዓሣው ዘር ይለያያል። ከአማዞን አገር የመጣው ኒዮን ቴትራ ማዕድኑ ያነሰ ለስላሳ ውኃ ሲወድ፣ የታንጋኒካና የማላዊ ሐይቆች ዓሣዎች ግን ማዕድን ያለበትን ውኃ ይሻሉ። ለእነዚህ የተነጠረ ውኃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

በክረምት የዝናብ ውኃ ማጠራቀምም ይቻላል። ሆኖም የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራ አጥቦ እስኪያልፍ መታገሥ ያሻል። ከቆርቆሮ ጣራ የወረደውን ግን ዚንክ ዓሣን ስለሚጎዳ ባይጠቀሙበት ይመረጣል፤ በገላጣ ሥፍራ በተቀመጠ ንጹሕ የፕላስቲክ ገንዳ መቀበል ይሻላል።

የተረፉት ሁለቱ ዓሣዎች ዛሬም በቤታችን አሉ። ዘወትር ዓርብ ማታ ባልዲውን ሞልታ የምታስቀምጠው ታናሺቱ ልጃችን ናት። እኛ ቸኩለን ውኃውን ልንገለብጥ ስንቃጣ፣ «ገና አልደረሰም» ብላ የምትከለክለንም እርሷው ናት።